ትልቅ ፊደል ሳይኖር የኤሊያን ስም እንዴት ይጻፋል?

«ካራ አለ?» ብሎ መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ የጠየቀ ሰው መቀመጫ ይፈልጋል። እዚሁ ካራ፣ ወጥ ቤት ውስጥ «ካራ አለ?» ያለ ሰው ደግሞ ሥጋ ሊከትፍ ነው። ሲጻፉ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው፤ ረዳቱ ግን ቢላ አውጥቶ አያውቅም፣ ወጥ ቤት ያለችውም «ሁለት ሰው የቀረው!» ብላ አትጣራም። በላቲን ፊደል ቢሆን ሰፈሩ በትልቅ ፊደል ተጀምሮ ቢላው በትንሹ ይቀር ነበር። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም፤ ንጉሥም ተጻፈ ንፍሮ፣ ን ያችው ን ናት።

ይህ ነገር እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ የወጣው በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ የሳይንስ ልብ ወለድ እየጻፈች ነው። ታሪኳ ውስጥ ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን፣ ሁላችንም በአፋችን ኤሊያን የምንላቸው፣ ከካራ በላይ ባለው ባሕር ዛፍ መሐል ያርፋሉ። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛው ስማቸውን በትልቅ ፊደል ጀምሮ ይገላገላል። እኔ ሕዝብ መሆናቸውን በምን ላሳይ?» አለችኝ።

«ይገላገላል» ያለችው ላይ ትንሽ ልከራከር። በእንግሊዝኛ የአገርና የሕዝብ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፦ ኢትዮጵያዊ፣ ግሪካዊ፣ ጃፓናዊ። የእንስሳና የተክል ዓይነት በትንሽ ፊደል ይጻፋል፦ ውሻ፣ ጭላዳ፣ ጽድ። ሰው የሚለውም ቃል ከእነዚህ ወገን ስለሆነ በትንሹ ነው። ኤሊያኑ ግን ሁለቱንም ነው። የራሱ ፕላኔት፣ ቋንቋ፣ ጦርና አለቃ ስላለው ሕዝብ ነው፤ አካሉ ከእኛ ስለሚለይ ደግሞ የፍጡር ዓይነት ነው። ስለዚህ ደራሲው መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ኤች ጂ ዌልስ በ1898 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያወጣቸው የማርስ ወራሪዎች አላስቸገሩትም፤ ማርስ የቦታ ስም ነውና ከሱ የወጣው መጠሪያ ትልቅ ፊደሉን ይዞ ይመጣል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በጻፈው፣ ጊዜን አቋርጦ በሚሄድ መኪና ታሪክ ውስጥ ያሉት ኤሎይና ሞርሎክ ግን አገር የላቸውም። በ802,701 እ.ኤ.አ. ላይ ሰው ራሱ ተከፍሎ የሆናቸው ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ቢሆንም በትልቅ ፊደል ጻፋቸው። ስታር ትሬክ የተባለው የቴሌቪዥን ድራማም ክሊንጎኑንና ቩልካኑን በትልቅ ፊደል ያከብርና ሰውን በትንሹ ይተወዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ሲውሉ እንግዳው ረዥም፣ ባለቤቱ አጭር ሆነው ይታያሉ። ይህን የማይወዱ ሰዎች ወይ ሁለቱንም አሳድጉ ወይ ሁለቱንም አሳንሱ ይላሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ሕግ ከፕላኔት ስም የወጣውን በትልቅ፣ እንደ ውሻና ድመት ለዓይነት መጠሪያ የተፈጠረውን በትንሽ ፊደል ጻፍ የሚለው ነው። ግን ማን ይሰማል?

ሳይንሱ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ከስዊድናዊው ሊኒየስ ወዲህ፣ ከ1750ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማለት ነው፣ የአንድ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው በትልቅ፣ ሁለተኛው በትንሽ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለቱም ዘመም ተደርገው ይታተማሉ። ሕጉ ለአገር ስም እንኳ አያዳላም። የደጋችን ኮሶ በሳይንስ ስሙ ሀገኒያ አቢሲኒካ ነው፤ ሁለተኛው ቃል ከአቢሲኒያ የወጣ ሆኖ ሳለ በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ኮፊያ አራቢካ በሚለው የቡና ስም ውስጥም ዐረቡ ትንሽ ነው። በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ እንጦጦን የወረሰው ባሕር ዛፍ፣ ካራ ላይ እውነተኛው ኤሊያን እሱ ነው፣ ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ ይባላል። በግዕዝ ፊደል ሲሰፍር ግን የቱ ቃል ወገኑን፣ የቱ ዓይነቱን እንደሚናገር ዓይን አይለይም። አዘምሞ መጻፍም የሚነግረን ሳይንሳዊ ስም መሆኑን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የክሊንጎንን ቋንቋ የፈጠረው የቋንቋ ሊቅ ማርክ ኦክራንድ በ1985 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላት አሳትሞለታል። በሱ አጻጻፍ ትንሿ ኪው አንድ ድምፅ፣ ትልቋ ኪው ሌላ ድምፅ ናት። ታዲያ የክሊንጎኖች ስም በገዛ ቋንቋቸው ሲጻፍ የሚጀምረው በትንሽ ፊደል ነው! በእንግሊዝኛ ትልቅ ፊደል ካልተሰጠው ተብሎ የሚሟገቱለት ሕዝብ አገሩ ሲገባ አጭር ሆኖ ተገኘ። አማርኛ በላቲን ቁልፍ ሰሌዳ የሚተይብ ሰው ይህን አሠራር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቲን ሲነካ ት፣ ከሺፍት ጋር ሲነካ ጥ ይወጣለታል፤ ን እና ኝ፣ ች እና ጭም እንደዚያው። ሺፍት ለእኛ ድምፅ መቀየሪያ እንጂ ማዕረግ መስጫ ሆኖ አያውቅም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባም ታላቅና ታናሽ የሚባል ጥንድ አልተበጀለትም።

ትልቅ ፊደል ራሱ ሲፈጠር ጀምሮ የነበረ ሕግ አይደለም። ሮማውያን ድንጋይ ላይ የሚቀርጹት ሁሉ በትልቁ ነበር፤ ትንሿ ፊደል መልክ የያዘችው በ800 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ በሻርለማኝ ዘመን ነው። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ወንበሩንም ድንቹንም በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። የእኛ አባቶች ደግሞ ስም ማክበር ሲፈልጉ ቀይ ቀለም ነበራቸው። የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ያስታውሳል፤ ጽሑፉ በጥቁር ይወርድ ይወርድና የእመቤታችን ወይም የቅዱሱ ስም ጋ ሲደርስ ቀይ ይሆናል። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስምም አንዳንዴ ይህ ክብር ይደርሰዋል። ግን ቀዩ ቀለም የሚሰጠው ለክብርና ለቅድስና ነው፤ የተጸውዖ ስም ስለሆነ ብቻ ማንም አያገኘውም። የእህቴ ልጅ «እኔም ኤሊያኖቹን በቀይ ብጽፋቸውስ?» ስትል እናቷ ከወጥ ቤት ያየቻት አስተያየት ሐሳቡን ዘጋው።

ፍጡራኑ ከየት ይምጡ ለሚለው ግን ሀብታም ነን። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም እንዲያወጡ ጋብዞ ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ዝርዝር የኢትዮጵያ ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቷ አቦል ተብለዋል። ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ርቀው፣ አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ቡናው ያለ ቦታው አልተፈላም። አቦል ክብደቷ ከጁፒተር አራት እጥፍ ይበልጣል፤ ኮከቧን አንዴ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል። በዚያው ታኅሣሥ፣ በ10ኛው ቀን፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ወደ ሕዋ መጠቀች። መቆጣጠሪያዋ የተተከለው እንጦጦ ነው፤ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለቱ ቴሌስኮፖች በ2007 ዓ.ም. የተመረቁበት ግቢ። የካራ ልጅ ስለ አቦል ብትጽፍ ሩቅ አልሄደችም።

ታዲያ «አቦል ደረሰ» ሲባል እኛ ቤት ሁሉም ሲኒ ይፈልጋል። በላቲን ፊደል የፕላኔቷ ስም በትልቁ ስለሚጀምር ከጀበናው ይለያል። በአማርኛ የሚለየው ግሱ ነው፦ ቡናው ደረሰ፣ ፕላኔቷ ደረሰች።

ነዋሪዎቿስ? በእኔ እምነት የአማርኛ ትልቅ ፊደል ያለው ቃሉ መጨረሻ ላይ ነው። አቦል የሚለውን ወስደን እንሞክር። አቦሎች ካልን የእንስሳ ዓይነት ይመስላሉ፣ አለዚያም ረከቦት ላይ የተደረደረ ሲኒ። አቦሌዎች ካልን እንደ ጎንደሬ፣ ጎጃሜ፣ ወሎዬ የአገር ልጅ ይሆናሉ፤ ቀልድ የሚያውቁ፣ ሠርግ የሚጠሩ ጎረቤቶች። አቦላውያን ካልን ግን ሕግ፣ ታሪክና ድንበር ያለው ሕዝብ መጣ ማለት ነው።

የዚህን ቅጥያ ጉልበት ማየት የፈለገ መጽሐፍ ቅዱስ ይግለጥ። እስራኤል ወደ ተስፋዪቱ ምድር ሲገባ ከሚገጥሙት ሕዝቦች መሐል አሞራውያን አሉ። አሞራዎች ቢባሉ ኖሮ ሁላችንም ወደ ሰማይ ባንጋጠጥን ነበር። «ውያን» የሚለው ቅጥያ ክንፋቸውን ነቅሎ ከተማና ንጉሥ ሰጣቸው። ያንን ምዕራፍ ሲያነብ ትልቅ ፊደል ጎደለኝ ያለ ምዕመን አላጋጠመኝም።

«ኤ» ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ አዲስ አበቤን ከወለደች ካራ ካሬን ልትወልድ ነው። እዚህ ሰፈር ደግሞ ካሬ የሚለው ቃል በደላሎች ተይዟል፤ «ስንት ካሬ ነው?» ሲባል የሚጠየቀው ግቢው ነው። ስለዚህ የካራ ልጅ እንደተባልን እንቀጥላለን።

ሁለተኛው መሣሪያ «ን» ናት። ደብተሯ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩላት።

«ታክሲ ተራ አቦሌ አየሁ።»

«ታክሲ ተራ አቦሌን አየሁት።»

«ታክሲ ተራ አቦሌውን አየሁት።»

በመጀመሪያው ከዚያ ዓይነት አንዱን፣ ማንነቱን የማላውቀውን አይቻለሁ። በሁለተኛው አቦሌ የሰውዬው ስም ነው፤ አበበን አየሁት እንደማለት። በሦስተኛው ቀደም ብለን ያወራንለት ያ አቦሌ ነው። የተጸውዖ ስም ተሳቢ ሆኖ ሲመጣ «ን» አይቀርለትም፤ አበበ አየሁ አይባልም። ውሻ አየሁ ግን ይባላል። ውሻው ይባላል፤ አበበው ብሎ የሚጠራ የለም። እንግሊዝኛ ለዓይን ብቻ የሚያሳየውን ልዩነት አማርኛ ለጆሮም ያደርሰዋል፤ ትልቅ ፊደል ሬዲዮ ላይ አይሰማም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ክራምብስ የተባለው የአማርኛ ሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የዛገ መንኮራኩር ያሳያል፤ ተዋናዮቹ ስለሱ ሲነጋገሩ የሚመሩን ግሱና ቅጥያው ናቸው።

ይህቺው «ን» ወጥመድም ትሆናለች። የስታር ትሬክን ዝነኞች እዩ፦ ክሊንጎን፣ ቩልካን፣ ሮሙላን። ሦስቱም በአማርኛ ሲጻፉ በን ያልቃሉ። «ሮሙላን አየሁ» የሚለውን ያነበበ የካራ ሰው ሮሙላ የምትባል ልጅ ያለች ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ክሊንጎናዊ፣ ቩልካናዊ፣ ሮሙላዊ ማለት። አዲስ ስም የሚፈጥር ደራሲ ደግሞ ከመጀመሪያው በን፣ በም፣ በና እና በስ የሚያልቅ ስም ባያወጣ ይሻለዋል። ዞርና የሚባል ሕዝብ ከፈጠረ አንባቢው «ዞርና ማን?» ብሎ መጠበቁ አይቀርም።

የስሙ መጀመሪያም እንደዚሁ አደገኛ ነው። በየ፣ በበ፣ በለ፣ በከ የሚጀምር ስም መስተዋድድ ይመስላል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከክፍለ ከተማችን አንወጣም፤ የካ ናት። «የካ ነዋሪዎች» የሚል ማስታወቂያ ላይ ካ የሚባል ቦታ ፈልጎ ያጣ እንግዳ አይፈረድበትም። በትክክል ቢጻፍ የየካ ነዋሪዎች ነበር የሚባለው፤ ሁለቱ የ ግን ለዓይን ስለሚከብዱ ጸሐፊው አንዱን ይውጠዋል። እውነተኛ ሰፈር ሲሆን ከልጅነት ጀምሮ ስለለመድነው እናልፈዋለን። ትናንት ማታ የተፈጠረ ሕዝብ ግን ይህን ያህል ትዕግሥት አያገኝም።

አንዳንዱ ደግሞ ሞክሼ ፊደላትን ይጠቀምባቸዋል፤ ቡናውን በአ፣ ፕላኔቷን በዐ ጽፎ ዐቦል ይላታል። ብልጠት ነው፤ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ እንደ እጅ ልማድ በሚለዋወጡበት ዘመን ማን ያስተውለዋል? አራሚው ራሱ ስሕተት መስሎት ያስተካክለዋል።

አማርኛ የማይወጣው ቦታ የለም እያልኩ አይደለም። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ዋልያዎቹ ይባላል። «ዋልያዎቹ ገደል አፋፍ ላይ ቆመዋል» የሚል ርእስ ብታዩ ስለ ስሜን ተራሮች ይሁን ስለ ማጣሪያ ጨዋታ በምን ታውቃላችሁ? የላቲን ትልቅ ፊደል እዚህ ላይ ወዲያው ይፈርድ ነበር። ጋዜጦቻችን ትምህርተ ጥቅስ ያደርጉበታል፣ ወይም ገጹ ራሱ ይናገራል። ትምህርተ ጥቅስ ለአንድ ጊዜ ጥሩ ነው። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ «አቦላውያን» እያሉ በጥቅስ ማጠር ግን ደራሲው ራሱ መኖራቸውን የተጠራጠረ ያስመስላል።

ልጅቷ በመጨረሻ ያነሣችው ጥያቄ ከሁሉም ይልቅ ደስ አለኝ። «ጋሼ፣ መሪያቸውንስ አንተ ልበለው አንቱ?» አለች። ትልቅ ፊደል ያለው እንግሊዝኛ ይህን ሊጠይቅ አይችልም። «ሽማግሌ ከሆነ አንቱ በዪው» አልኳት። ከዚያ አብረን አንድ ነገር አገኘን። ታሪኩ ሲጀምር የግቢው ዘበኛ ባሕር ዛፉ ውስጥ ብርሃን አይቶ «ምን መጣ?» ይላል። መሐል ላይ «ማን መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ኋላ ላይ በሩን ከፍቶ «ማን ልበል?» ይላቸዋል። አንድም ማብራሪያ ሳይጨመር፣ ነገር የነበሩት ሰው ሆኑ፣ ከዚያ እንግዳ ሆኑ።

የሳይንስ ልብ ወለድ በአማርኛ ለምትሞክሩ፦ ስሙን ካወጣችሁ በኋላ «ን» ጨምሩበት፣ «የ» ጨምሩበት፣ ብዙ ቁጥር አድርጉት፣ ከዚያ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ሰውዬው ሦስቴ ካስቆማችሁ ስሙን ቀይሩት። ትምህርተ ጥቅሱንም ከመጀመሪያው ገጽ አታሳልፉት።